የወይዘሮ አሰገደች አንገት

ወይዘሮ አሰገደች ሞተው የተገኙት፣ ዕድሜ ልካቸውን በሻርፕ ሸፍነውት የኖሩትን አንገት ለመጀመሪያ ጊዜ ገልጠው ቤተ ክርስቲያን ስመው በተመለሱ በሳምንቱ ነበር።

ኢንስፔክተር እስከዳር ከደብረ ማርቆስ ፖሊስ ተጠርታ ስትደርስ ሬሳው ገና ከአልጋው አልተነሣም። የሆስፒታሉ ሐኪም ዶክተር አንሙት አጠገቡ ቆሟል። አንገታቸው ከአገጭ እስከ ደረት አብጦ ጠቁሯል። ትራሱ ላይ ከድድ የፈሰሰ የሚመስል የደም ነጠብጣብ ይታያል። እስከዳር የሟቿን እጅጌ ሰብሰብ አድርጋ ክንዳቸውን አየች፤ እዚህም እዚያም በልዟል።

«ተደብድበው ይሆን?» አለች።

«የዱላ አይመስለኝም። ይኼ ከውስጥ የፈሰሰ ደም ነው። አንገታቸው ውስጥ ተጠራቅሞ መተንፈሻቸውን ዘግቶታል። አንገቱን ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ሰው የሚፈራው ይኸው ነው፤ ግን የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው እንጂ ስፌቱ ወጥቶ ቁስሉ ከዳነ በኋላ አይደለም» አላት።

እስከዳር ነገሩ ሳይገባት ገባኝ የምትል ሴት አይደለችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ስለ ሟቿ ጠየቀች። ወይዘሮ አሰገደች የደብረ ኤልያስ ሰው ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ እንቅርት ነበረባቸው። ካደጉ በኋላ እንቅርቱ በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ ሲሸከመው የኖረው ቆዳ ግን እንደ ባዶ ከረጢት ተንጠልጥሎ ቀረ። ደብረ ማርቆስ ገብተው የእንግዳ ማረፊያ ከፍተው ሰው ሁሉ ሲያከብራቸው እንኳ ያ ሻርፕ ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም። በዚህ ዓመት ግን አዲስ አበባ ሄደው ቆዳውን ሊያስነሡ ቆረጡ። በዚህ ዕድሜ ለምን እንዳማራቸው ለማንም አልተናገሩም።

በግቢው ውስጥ በሌላኛው ቤት ታናሽ እህታቸው ወይዘሮ የብርጓል ከባላቸው ከአቶ ፈንታ ጋር ይኖራሉ። ከሟቿ ጋር የምታድረው ከሕፃንነቷ ጀምረው ያሳደጓት ትሕትና ናት። ከቤቱ የማይጠፉት ሌላው ሰው የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ናቸው፤ የሩቅ ዘመድ ናቸው፣ ከሳሎን ግን አያልፉም።

መጀመሪያ የተናገሩት ወይዘሮ የብርጓል ነበሩ። ዓይናቸው በለቅሶ አብጧል።

«የገደላት ያ የአዲስ አበባ ሐኪም ነው። ደህናዋን ሴት ወስዶ አረዳት። እሱን ያዙልኝ።»

«አብረዋቸው ሄደው ነበር?»

«ሌላ ማን ይሄድላታል? ያስታመምኳት እኔው ነኝ።»

«ለቀዶ ሕክምናው እንዲዘጋጁ ምን ምን ታዝዞላቸው ነበር?»

«እኔ ምኑን ሰምቼ፣ ልጄ? እሷ ትገባለች፣ እኔ ውጭ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። የሚነግሩት ለሷ ነው።»

እስከዳር ወደ ቢሮዋ ተመልሳ ቀዶ ሕክምናውን ለሠራው ሐኪም ደወለች። ሰውዬው ሞቱን ሲሰማ ፋይላቸውን አስመጣ።

«ከጆሮ ኋላና ከአገጭ ሥር ቀድደን የላላውን ጡንቻ እናጠብቃለን፣ የተረፈውን ቆዳ ቆርጠን እንሰፋለን። ሥራው ይኼ ነው» አላት። «ዋናው ግን ዝግጅቱ ነው። አስፕሪንና ደም የሚያቀጥን ነገር ሁሉ ከቀዶ ሕክምናው ሁለት ሳምንት በፊት ይቆማል፤ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ በብዛት የሚወሰድ ነጭ ሽንኩርትም ቢሆን። የደም ግፊታቸውን አስተካክለናል። ደማቸውን መርምረን በደንብ እንደሚረጋ አረጋግጠናል። በዋዜማው እህል ውኃ ሳይቀምሱ እንዲያድሩ፣ ቤታቸው ሲገቡ ራሳቸውን ከፍ አድርገው እንዲተኙ፣ አጠገባቸው ሰው እንዳይጠፋ ነግረናል። ሁሉንም ፈጽመዋል። እንደሳቸው የታዘዘውን የሚጠብቅ ሰው አላየሁም።»

«ትእዛዙን አብሯቸው የሰማ ሰው ነበር?»

«ቁጭ ብላ የምታስረዳው ነርሷ ናት፤ ማን አብሯቸው እንደገባ አላየሁም።»

«ለሕመሙስ ምን ሰጧቸው?»

«ፓራሲታሞል፣ ነጭ ክኒን። ሌላ ምንም አልሰጠንም።»

ትሕትናን ያገኘቻት ከእንግዳ ማረፊያው ኋላ፣ የድንኳን ወንበር ስትደረድር ነው። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ገና የደነገጠች ነበረች።

«መድኃኒት የሚሰጣቸው ማን ነበር?» አለቻት እስከዳር።

«እኔ ነኝ። ሮዟን ክኒን ጠዋትና ማታ እሰጣት ነበር።»

«ከመጀመሪያውም ሮዝ ነበረች?»

ትሕትና ወንበሩን አስቀመጠች። «አይ፣ መጀመሪያ ነጭ ነበር። ኋላ ሮዝ ሆነ። መድኃኒቱን የቀየሩላት መስሎኝ... በዚያው ላስቲክ ውስጥ፣ ኮመዲኖው ላይ ነበር።»

«ላስቲኩ የት አለ?»

«ዛሬ ጠዋት ፈልጌ አጣሁት።»

«ድዳቸው ሲደማ አላየሽም?»

«አይቻለሁ። ክንዷም በልዞ ነበር። ለአክስቴ ለየብርጓል ነገርኳት። የጥርስ ብሩሹ ነው፣ ክንዷም አልጋው መትቷት ነው አለችኝ።»

መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ካለው የቅኔ ቤት ወጥተው አንድ ድንጋይ ላይ አብረዋት ተቀመጡ። ቀዶ ሕክምናውን ተቃውመው እንደነበር ራሳቸው ነገሯት።

«እግዜር የሠራውን ምን ትነካኪዋለሽ ብያት ነበር። ኋላ ግን ዘመኗን ሙሉ አንገቷን ደፍታ መኖሯን አሰብኩና ዝም አልኩ። እንዲያውም ከመጀመሪያው ቀጠሮ ተመልሳ ስትዘጋጅ፣ ብርታት እንዲሆናት ነጭ ሽንኩርት በማር ለውሼ ይዤላት መጣሁ። የብርጓል ከበር መለሰችኝ።»

«ምን ብለው?»

«ይኼ ደም ያቀጥናል፣ ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቀው ሰው አይሆንም አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስበላው ኖሬ ያን ቀን መስማቴ ነው።»

እስከዳር ቀና ብላ አየቻቸው። «በትክክል እንዲህ ነው ያሉት?»

«ቃል መያዝ ሥራዬ ነው፣ ልጄ።» ቀጥለው ፈገግ አሉ፤ ፈገግታቸው ግን አልቆየም። «በዚያ ቤት እኔ የምቀልዳት አንዲት ቅኔ ነበረች። ፈንታ በጎረምሳነቱ ሽማግሌ የላከው ለአሰገደች ነበር። ሽማግሌዎቹ አንገቷን አዩና ታናሿን ጠየቁ። ፈንታ የእህቷ ፈንታ ሆነ እላት ነበር። አሰገደች ትስቅ ነበር። የብርጓል ስቃልኝ አታውቅም።»

አቶ ፈንታ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፤ ሲናገሩ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ልባቸውን ከታመሙ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል።

«ደም ማቅጠኛ እውጣለሁ» አሏት። «እሱን ካቋረጥኩ ደሜ ልቤ ውስጥ እንደሚረጋ ነግረውኛል። ክኒኑን መዳፌ ላይ የምታስቀምጥልኝ የብርጓል ናት። እኔ ጠርሙሱን ነቅነቅ አድርጌ በድምፁ ነው ማለቅ አለማለቁን የማውቀው። ምን እንደሆነ እንጃ፣ ሰሞኑን ግን ደከመኝ።»

ብርጭቆውን ሲያነሡ የተሸረፈው ጠርዝ ጣታቸውን ቆረጣቸው። እስከዳር መሐረቧን ሰጠቻቸውና ወሬዋን ቀጠለች፤ ዓይኗ ግን ከጣታቸው አልተነሣም። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ደሙ ቆመ። ጠርሙሱን እንዲያሳዩዋት ጠየቀቻቸው። ሞልቷል ማለት ይቻላል፤ ክኒኑ ሁሉ ነጭ ነው። አንድ ክኒን ወስዳ በቀጥታ ሆስፒታል ሄደች።

ዶክተር አንሙት ክኒኑን አገላብጦ አየው። «ፓራሲታሞል ነው። የአቶ ፈንታ መድኃኒት ሮዝ ነው፤ የማዝዝላቸው እኔው ነኝ። እውነት ይኼን ሲወስዱ ከሰነበቱ ዛሬውኑ ይምጡ፤ ሕይወታቸው አደጋ ላይ ነው።»

«ይምጡ። ግን መጀመሪያ አንተ ከኔ ጋር ና።»

በዚያው ዕለት ከቀብር መልስ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል፣ እስከዳር ሁሉንም ወደ እንግዳ ማረፊያው ሳሎን ጠራቻቸው። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። ትሕትና ከአቶ ፈንታ ጎን፣ ወይዘሮ የብርጓል ፊት ለፊታቸው፤ ዶክተር አንሙትና አንድ ፖሊስ ቆመዋል።

«ወይዘሮ አሰገደችን ሐኪሙ አልገደላቸውም» ብላ ጀመረች እስከዳር። «ደማቸው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ተመርምሮ ደህና ነበር። ቁስላቸውም ድኗል። ደማቸው መርጋት ያቃተው እዚህ ቤት ከገቡ በኋላ ነው። የሕመም ማስታገሻቸው ነጭ ነበር፤ በመሐል ሮዝ ሆነ። ሮዙ የአቶ ፈንታ የደም ማቅጠኛ ነው። ነጩ ደግሞ የገባው አቶ ፈንታ ጠርሙስ ውስጥ ነው፣ ሲነቀነቅ ባዶ እንዳይመስል። ጣታቸው ተቆርጦ ደሙ ወዲያው ሲቆም ነው የጠረጠርኩት፤ መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው እንደዚያ ቶሎ አይረጋለትም።»

እስከዳር ሁሉንም በየተራ አየቻቸው።

«ታዲያ ማን ለወጠው? አቶ ፈንታ ራሳቸው ቢሆኑ ኖሮ በገዛ ሕይወታቸው አይጫወቱም ነበር፤ ሮዝና ነጭ ለመለየትም ዓይናቸው አይረዳቸውም። መሪጌታ መኝታ ቤቶቹን ረግጠው አያውቁም። ትሕትና ብትሆን ክኒኑ ሮዝ መሆኑን ገና ሳልጠይቃት በራሷ አፍ አትነግረኝም ነበር፤ ድዳቸው ሲደማም ለሰው አትናገርም። የተናገረችለት ሰው ነው ነገሩን የሸፈነው።» ወደ ወይዘሮ የብርጓል ዞረች። «እርስዎ ሐኪሙ ያዘዘውን አልሰማሁም ብለውኛል። መሪጌታን ግን ነጭ ሽንኩርት ደም ያቀጥናል ብለው ከበር መልሰዋል። ያን ከነርሷ ካልሰሙ ከየት ሰሙት? ከሰሙስ ለምን ደበቁኝ? የባልዎ ጠርሙስም ያለው በእርስዎ እጅ ነው፤ ላስቲኩን ዛሬ ጠዋት ከኮመዲኖው ያጠፋውም ያው እጅ ነው።»

«ነጭ ሽንኩርቱን የከለከልኩት ለሷ አስቤ ነው» አሉ ወይዘሮ የብርጓል ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አምናለሁ። ያን ጊዜ ከልብዎ ነበር። እንዴት እንደሆነ ደርሼበታለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም።»

ትሕትና ብድግ አለች። «በኔ እጅ?» አለች። «አክስቴ፣ በኔ እጅ ነው የገደልሻት?»

ወይዘሮ የብርጓል ልጅቷን ማየት አቃታቸው። ያወሩት ወለሉን እያዩ ነው።

«ቁስሏን ያጠብኩት እኔ ነኝ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ያደርኩት እኔ ነኝ። ከአዲስ አበባ ገብተን ሻርፑን አወለቀች። ይኼ ሰውዬ፣ እኔን ካየኝ ዘመን የለውም፤ እሷን ግን መስኮቱ ዘንድ አስጠግቶ ትክ ብሎ አያት። 'ያኔ እንዲህ ብትሆኚ ኖሮ' አላት። ሰው ፊት። ዕድሜዬን ሙሉ የሷ ትራፊ መሆኔን እንዳልሰማ ሆኜ ነው የኖርኩት። ከዚያ ወጥቼ ማድ ቤት ገባሁ። ሲስቁ ሰማኋቸው።»

«ቀልድ ነበር እኮ» አሉ አቶ ፈንታ።

«ለኔ አልነበረም።»

አቶ ፈንታ ፊታቸውን ድምፁ ወደመጣበት አዞሩ። «ክኒኔን ስትነሺኝስ? እኔም እንድሞት ነበር?»

«ሁለታችሁም» አሉ ወይዘሮ የብርጓል።

ከውጭ የለቀስተኛው ድምፅ ይሰማል። ትሕትና ቆማ እንደቀረች ነበረች። ስትናገር ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

«አንቺ ስትወጪ እኔ እዚያው ነበርኩ። የመለሰችለትን አልሰማሽም። 'እንኳን ያኔ እንዲህ አልሆንኩ፤ ብሆን ኖሮ እህቴ በምን ባል ትደላደል ነበር' አለችው። ጋሼ ፈንታም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ቀጥላ ለምን እንዳሠራችው ነገረችን። ከልጅነታችሁ ጀምሮ አንቺ አጠገብ ቆማ ፎቶ ተነሥታ አታውቅም። ባለ ካሜራ ሲመጣ 'የብርጓል ብቻዋን ትምጣ' ይሏት ነበር። ለመስቀል ሻርፗን አውልቃ አብራችሁ ልትነሡ ነበር። እንዳንነግርሽ አስምላናለች።»

ወይዘሮ የብርጓል ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉት። ፖሊሱ ክንዳቸውን ሲይዛቸው እንደ ሕፃን ተከትለውት ወጡ።

ዶክተር አንሙት አቶ ፈንታን ወደ ሆስፒታል እንዲሄዱ ነገራቸው። ተነሡ፤ እንደ ለመዱት እንዲመሯቸው እጃቸውን ወደ ሚስታቸው ወንበር ዘረጉ። ወንበሩ ባዶ ነበር። እጃቸው አየር ላይ ቆየ፤ ነገሩ ሲገባቸው ቀስ ብለው መለሱት።

ትሕትና ቆማ አየቻቸው። የገዛ መዳፏንም አየች። ከዚያ ተጠግታ እጃቸውን ያዘችና፣ «በዚህ ነው በሩ፣ ጋሼ» አለቻቸው።