ስንጥቁን አድርግ

ሰውዬው ከመደርደሪያው ላይ ፊን፣ ጠላቂ እግሩ ላይ የሚያጠልቀውን የጎማ ክንፍ፣ አንስቶ ገለባበጠው።

«ጉልበቴን ያመኛል» አለ። «ለእንደኔ ዓይነቱ የትኛው ይሻላል? ስንጥቁ ወይስ ድፍኑ?»

መካኒኩ ከጥገና ጠረጴዛው ቀና አላለም። ይህ የምስጢር ቃላቸው ነበር። ችግሩ፣ የጠላቂዎች ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ የሚመጣ ሰው ሁሉ ይህንኑ ይጠይቃል። በስምንት ወር ውስጥ ስንቱ ጉልበቱን ያመመው ሰው ልቡን ሲያቆምበት ኖሯል! መልእክተኛውን የሚለየው በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ነው።

«ስንጥቁ ቀላል ነው» አለ መካኒኩ። «ውኃው በመሐሉ ሾልኮ ስለሚያልፍ እግር አያደክምም። ድፍኑ ግን እንደ መቅዘፊያ ነው። ጉልበት ይፈልጋል፤ ወደ ፈለጉበትም ይወስድዎታል።»

«ሚስቴ ተከራይ እንጂ አትግዛ ብላኛለች።»

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር።

መካኒኩ ቀና አለ። ድምፁን ለውጦ እንጂ ጋሼ ነበር! እንዲህ ራሱ መጥቶ አያውቅም። ሁልጊዜ ሰው ነበር የሚልከው። ውኃ መጥለቅንም ስለላንም ያስተማረው፣ «ሙጫ» የሚል የምስጢር ስም ያወጣለት፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አለቃው የሆነው ጋሼ፣ የጠላት ሱቅ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ወንበር ስቦ ፊን እየለካ ነው።

ሻጯ በር ላይ ቆማ ስልክ ታወራለች። ጋሼ ጎንበስ ብሎ ፊኑ ተረከዝ ውስጥ የቦታውን ካርታ ሸጎጠ።

«ሣጥኑ ተገኝቷል» አለ ከንፈሩን ሳያላውስ። «አሮጌው የጭነት መድረክ ሥር። ዛሬ፣ ስድስት ሰዓት።»

«በቀን?»

«የዚህ ሱቅ ባለቤት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያነሣዋል። ከዚያ በኋላ ሰዎቻችን አለቀላቸው።»

መካኒኩ ወደዚህ ሱቅ የገባው ለዚሁ ሣጥን ነበር። የሱቁ ባለቤት ፊን ይሸጣል፤ ከፊን ይልቅ ግን ሰው ይሸጣል። ሣጥኑ ውስጥ በከተማው የሚሠሩ የስምንት ሰላዮች ፎቶ አለ። ገዢው እጅ ከገባ ስምንቱም እንደ ጎመን ይለቀማሉ።

«ቦታው ሜዳ ነው» አለ ጋሼ። «አራት መቶ ሜትር ትዋኛለህ። ሣጥኑ የቱቦው አፍ ላይ ተቀምጧል፤ እጅህን ዘርግተህ ማንሣት ነው። ስንጥቁን አድርግ።»

«እኔ ድፍኑን ነው የለመድኩት፣ ጋሼ።»

«ስማኝ ስልህ! በዚያ ጉልበት አራት መቶ ሜትር ድፍን ትቀዝፋለህ? ስንጥቁን አድርግ።»

ጉልበቱ የተሰበረው በጋሼ ምክንያት ነው። የዛሬ ሰባት ዓመት ጋሼ የተገለበጠች ጀልባ ሥር ተቀርቅሮ ሲቀር፣ ጎትቶ ያወጣው እሱ ነበር። ያን ጊዜ የጀልባዋ ወጋግራ ግራ ጉልበቱ ላይ ወደቀበት። ዛሬም ሲበርድ ያቃጥለዋል። እና አሁን ጋሼ ስለ ጉልበቱ ሲጨነቅለት አንጀቱን በላው።

ጋሼ ፊኑን መልሶ ሰቀለና «ላስብበት» ብሎ ወጣ።

ሻጯ ስልኳን ዘጋች። «አልገዙም አይደል? ፊታቸው ያስታውቃል።»

«ያስቡበታል።»

«ያስቡበት እንጂ! የዘንድሮ ሰው ሐሳቡ አያልቅ። እነዚያ ሁለቱ የባለቤቱ ጠላቂዎችስ ብትል? ዕድሜ ልካቸውን ስንጥቅ ሲያመልኩ ኖረው፣ ትናንት መጡና ድፍን አምጪ አሉኝ። ምነው ብላቸው፣ ጠባብ ቦታ ሥራ አለብን፣ ስንጥቁ ወደኋላ አይሄድም አሉኝ።»

መካኒኩ የያዘው መፍቻ እጁ ላይ ቀረ።

ጠባብ ቦታ። ጋሼ ደግሞ ሜዳ ነው አለ።

ጋሼን አልጠረጠረም። ሊጠረጥረው ቢፈልግ እንኳ አይችልበትም ነበር። «አሳስተውታል» አለ በልቡ። «ደግ ሰው ነው፣ የነገሩትን አምኖ ነው።» ከመደርደሪያው ላይ ድፍኑን አወረደ። ጉልበቱ እንደ ፍጥርጥሩ።

*

ውኃው ድፍርስ ነበር። ስድስት ሜትር ወርዶ ወለሉን ይዞ ቀዘፈ። ከመቶ ሜትር በኋላ ጉልበቱ መጮኽ ጀመረ። ሦስት መቶው ላይ ጥርሱን ነክሶ ነበር።

ቱቦው እንደተባለው ከመድረኩ ሥር አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ስፋቱ አንድ ሰው ቢያስገባ ነው።

አፉ ላይ ሣጥን የለም።

ባትሪውን አበራ። ወደ ውስጥ፣ ሁለት የሰው ቁመት ያህል ርቆ ቢጫ ነገር አየ። ውኃው ገፍቶት ይሆናል ብሎ ገባ። ትከሻው ግራና ቀኝ ግድግዳውን ይታከካል። ደረሰና ያዘው።

ቢጫ ፌስታል። ውስጡ ብሎኬት።

ያኔ ከኋላው ሰንሰለት ተንኳኳ።

መዞር አይቻልም። ወደፊት ግንብ ነው። ያለው ወደኋላ ብቻ ነው። የእግሩን ጣቶች ወደ ቅልጥሙ ስቦ ድፍኑን ወደኋላ ቀዘፈ። በእጁ ግድግዳውን ገፋ። ደግሞ ቀዘፈ። ጉልበቱ ውስጥ አንድ ነገር ጧ! ሲል ተሰማው። አሁንም ቀዘፈ።

ስንጥቁን አድርጎ ቢሆን እዚያው ቀርቶ ነበር።

ሲወጣ የቱቦውን አፍ የሚዘጋ የብረት ፍርግርግ በሰንሰለት ከላይ እየወረደ ነው። መሸሽ ቢችልም አረፋው ያጋልጠዋል፤ መድረኩ ላይ ሆነው ትንፋሹን እየቆጠሩት ነው። አንዴ በረጅሙ ተነፈሰና አየር ሳበ። የአየር ሲሊንደሩን ከጀርባው ፈታ፤ የአፍ መተንፈሻውን ቁልፍ ተጭኖ አየሩ እንዲንፎለፎል አደረገና ከነቀበቶው ወደ ቱቦው ወረወረው።

ፍርግርጉ ወደቀ።

በአንድ ትንፋሽ ሠላሳ ሜትር። ያውም በአንድ እግር።

ሦስተኛው የምሰሶ ረድፍ ሥር አሮጌ ጎማዎች ተንጠልጥለዋል። በእነሱ መሐል አፍንጫውን ብቻ አወጣ። ከቱቦው አፍ አረፋው ይፍለቀለቃል። ቀነሰ። ጠብ ጠብ አለ። ቆመ።

ከጭንቅላቱ በላይ፣ ሳንቃው ላይ፣ የሱቁ ባለቤት «አለቀለት፤ በል ሣጥንህን ውሰድ» አለ።

«ነፍስ ይማር» አለ ሌላው።

ድምፁን አወቀው። ውኃው ቀዘቀዘበት።

«እንዴት እርግጠኛ ሆንክ ግን?» አለ ባለቤቱ። «ወደኋላ ቢወጣስ ኖሮ?»

«ስንጥቁን አድርግ ብዬዋለሁ» አለ ጋሼ። «እሱ እኔ ያልኩትን ያደርጋል። ሁልጊዜ።»

መካኒኩ ጎማውን ነከሰ። ያለቀሰው ግን በጉልበቱ ሕመም አልነበረም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲሉ ይሰማ ነበር፤ እንዲህ ያማል ያለው ሰው ግን አልነበረም።

*

ጋሼ መኪናው ውስጥ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል። ሞተሩን አላስነሣም። የጎኑ በር ተከፈተና የጎማ ልብሱ ውኃ የሚያንጠባጥብ ሰው ገብቶ ተቀመጠ።

ጋሼ አልጮኸም። ሰውዬው እጅ ላይ ያለውን ፊን አየ።

«ድፍኑን አደረግህ።»

«አዎ።»

«ጉልበትህስ?»

«ተበጠሰ። ሣጥኑን አምጣው።»

በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለው። ጋሼ ይህን ሲሰማ ክው አለ። ሣጥኑን ከእግሩ ሥር አንስቶ ሰጠው።

«ልጄ፣ ስማኝ። አንዱን ሰጥቼ ስምንቱን አዳንኩ። ፎቶውም ፊልሙም አንድ ነው፣ ሌላ ቅጂ የለውም። ባለቤቱን በገዛ ሱቅህ ሰላይ አለብህ፣ እሱን ልስጥህ አልኩት፤ በለውጡ ሣጥኑን ሊሰጠኝ ተስማማ። ሒሳቡን አንተም ብትሆን...»

«ስምንቱ ውስጥ አንተ አለህ?»

ጋሼ መሪውን መልሶ ያዘ።

መካኒኩ ሣጥኑን ከፈተ። ስምንት ፎቶ። የመጀመሪያው የጋሼ ነው። አንድ በአንድ እስከ መጨረሻው አያቸው።

«እኔ የለሁም።»

«የለህም።»

«አያውቁኝም ነበር ማለት ነው።»

«አያውቁህም ነበር» አለ ጋሼ። «የምሰጣቸው ሌላ ምንም ነገር አልነበረኝም። ጡረታ ልወጣ ሦስት ወር ነው የቀረኝ፣ ልጄ...»

«ልጄ አትበለኝ!»

መካኒኩ ሊያንቀው ፈልጎ ነበር። እጁ ግን እምቢ አለ። ይኼው እጅ ነበር ከጀልባው ሥር ጎትቶ ያወጣው።

«ዋናው ቢሮ ያውቃል?»

«ሪፖርቱን ገና አልጻፍኩም» አለ ጋሼ።

«ላይተር።»

መካኒኩ በሩን ከፍቶ አስፋልቱ ላይ ፎቶዎቹንና ፊልሙን አቃጠለ። ሰባቱን መጀመሪያ። ስምንተኛውን፣ የጋሼን፣ ይዞ ትንሽ ቆየ። ጋሼ ትንፋሹን ውጦ እጁን እጁን ያያል።

«እሱን ለማን ልትሰጠው ነው?» አለ።

«ለማንም። እኔ ሰው አልሰጥም።» እሳቱ ላይ ጣለው። «አሁን ኮትህን አውልቅ። ሱሪና ጫማም ከኋላ አለህ፤ ሁልጊዜ ትይዛለህ። ሪፖርትህን ደግሞ እንዳሰብከው ጻፈው። ሙጫ ቱቦ ውስጥ ሞተ በል።»

«ወዴት ትሄዳለህ?»

«የሞተ ሰው ወዴት ይሄዳል?»

*

አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። አንድ ሰፊ ኮት የለበሰ ሰው ግራ እግሩን እየጎተተ ወጥቶ ምሰሶውን ያዘ። ፀጉሩ ርጥብ ነው፤ ፊቱ ገርጥቷል። ማንም ልብ ብሎ አላየውም።

መስኮት አጠገብ የተቀመጠች ሴት አየችውና ከነዘንቢሏ ብድግ አለች።

«አባባ፣ ይምጡ እዚህ ይቀመጡ።»

አርባ አንድ ዓመቱ ነው። ከሷ ቢበልጥ በአምስት ነው። አፉን ከፈተ፤ ኧረ እኔ ሽማግሌ አይደለሁም ሊል ነበር። ከዚያ ተወው። ወገቡን ጎበጥ አድርጎ በትሩን እንደሚፈልግ ሰው እጁን ወደ ወንበሩ ሰደደ።

«ተባረኪ ልጄ» አለና ተቀመጠ።