ድንጋይ ላይ የቆመችው መኪና

እኔ በመንፈስ የማምን ሴት አልነበርሁም፣ ጎረቤቶቼ ወንዝ ዳር አየን ስለሚሉት ጥላ ሲያወሩ «ሥራ ብትይዙ ኖሮ ይህን ሁሉ አታዩም ነበር» እያልሁ የምስቅ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበርሁ፣ እናም ይህን የማወራችሁ እንድታምኑኝ ብዬ ሳይሆን ንዴቱ እስከ ዛሬ ስላልወጣልኝ ነው።

በደርግ ጊዜ ነው፣ የምንኖረው ዓባይ ማዶ ነበር። ባሌ አለባቸው አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ነበረችው፣ ኪሎሜትር ቆጣሪዋ ሁለት ጊዜ ዞሮ ከዜሮ የጀመረ። ለዘመቻው ስንቅ እንድትጭን ታዘዘችና እሱም ይዟት ወደ ሰሜን ሄደ፣ በአምስተኛው ወር መኪናዋ ሞተሯ ነድዶ፣ በሌላ መኪና ተጎትታ ብቻዋን ተመለሰች። ጎትቶ ያመጣት ሾፌር ባሌ የት እንዳለ ስጠይቀው «እዚያው ቀርቷል፣ ይመጣል» አለኝና ሻይ እንኳ ሳይቀምስ ሄደ።

ግቢያችን ውስጥ ድንጋይ ላይ አቆምናት፣ ስድስቱንም ጎማዎች ሌባ እንዳይወስዳቸው ፈትተን መኝታ ቤቴ ደረደርናቸው፣ ከዚያ ከባሌ ታናሽ ወንድም ከደሴ ጋር ጠቡ ተጀመረ። እሱ «ሽጫት» ይላል፣ እኔ ደግሞ ባሌ ሲመለስ በምን ሊሠራ ነው፣ አስጠግናታለሁ እላለሁ። መካኒኩ ጋሽ ኑሩ ይችን መኪና ዕድሜ ልካቸውን ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው፣ ሞተሯን ከፍተው አዩና «ልጄ፣ መነሳቱን ትነሳለች፣ ግን ሽጫት» አሉኝ። ከተነሳች ለምን እሸጣታለሁ? እስቲ እናንተ ፍረዱ። የአንገት ሐብሌን ሸጬ ፒስተንና ኩሽኔት ገዛሁ፣ ዕቃውን በጨርቅ ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር አስቀመጥሁ፣ ደሴም ይህን ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር።

ዓመት ሊሞላ ሲል አንድ ቀን መጣና «ቅዳሜ ማለዳ ገዢ ይዤ እመጣለሁ፣ ከቤት እንዳትወጭ» አለኝ። «ይምጣ፣ የማባርረው እኔ ነኝ!» አልሁት።

ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሰዓት እላፊው ገና መነሳቱ ነው፣ ከጣና የመጣው ጉም ግቢውን ሸፍኖታል፣ ድም የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። መጀመሪያ ጉማሬ ከወንዙ ወጥቶ አጥሩን የሚገፋ መስሎኝ ነበር። እንደገና ድም አለ። እመኑኝ፣ ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ የከባድ መኪና ሾፌር ከመነሳቱ በፊት መኪናውን እየዞረ ጎማውን ሁሉ በመዶሻ ይመታል፣ ነፋሱ መሙላቱን በድምፁ ይለያል። አለባቸው ስድስቱንም ሳይመታ አንድ ቀን ከግቢ ወጥቶ አያውቅም፣ አራተኛው ጎማ ሁልጊዜ ስለሚተነፍስበት እዚያ ሲደርስ ከንፈሩን ይመጥ ነበር።

እጄን ሰድጄ በጨለማ ጎማዎቹን ዳበስሁ። ስድስቱም አጠገቤ ናቸው። ውጭ ግን ሦስተኛው ተመታ።

ደሴ ሊያስፈራራኝ ነው ብዬ ዘነዘናዬን ይዤ ወጣሁ። ማንም የለም። መኪናዋ ድንጋዮቿ ላይ እንደቆመች ናት፣ አንድ እርምጃ ያህል ቀርቤ ሳለሁ ባዶው ቦታ ላይ፣ ከአፍንጫዬ ሥር፣ ድም አለ፣ ቀጥሎም የከንፈር መምጠጥ ሰማሁ።

መፍራት ነበረብኝ፣ እኔ ግን የዓመቱ ንዴት ሁሉ ገንፍሎ ወጣ። «ከመጣህ ግባ! ካልሆነም ሂድና ተወኝ! እስከ መቼ ልጠብቅህ?» ብዬ ጮህሁ።

አምስተኛው ሳይመታ ቀረ።

የግቢው በር ተከፈተና ደሴ ገባ፣ ከኋላው ጎረቤቶችና የእድር ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጋሽ ኑሩም ከነሱ ጋር። ገዢ የሚባል አልነበረም። መርዶ ነው ይዘው የመጡት።

«መቼ?» አልሁ።

«መኪናዋ ሳትመጣ በፊት» አለ ደሴ መሬት መሬት እያየ፣ «እሷን እያየሽ እንዳትጎጅ ብለን፣ ከተሸጠች በኋላ ልንነግርሽ ነበር፣ አንች እንቢ አልሽ።»

መርዶ ቀን ተጠብቆለት እንደሚነገር አውቃለሁ፣ የሀገሬ ወግ ነው፣ ግን ሰፈሩ በሙሉ እያወቀ ለሞተ ሰው ኩሽኔት ስገዛ ቆሞ ያየኛል? አላለቀስሁም። ዘነዘናውን ደሴ ላይ ወረወርሁት፣ ለጥቂት ሳተው።

ያኔ ጋሽ ኑሩ ወደ ድንጋዮቹ እያዩ በቀስታ «ልጄ፣ በሩ ላይ የቆየነው ጎማ የሚመታው ሰው እስኪጨርስ ብለን ነው፣ አራት ቆጠርሁ» አሉ፣ «ማነው እሱ?»

መኪናዋን እስከ ዛሬ አልሸጥኋትም፣ አላስጠገንኋትምም፣ ዘመድ እልኸኛ ይለኛል፣ ይበል። እሱ ስድስቱን ሳይመታ አይነሳም ነበር፣ እኔ ደግሞ አራተኛው ላይ ጮኼበት አስቆምሁት፣ ታዲያ አሁን የት ነው ያለው?