የአያትየው መቃብር ልክ

ቀያሹ የሞተው በአንድ የሙስሊም ቤተሰብ የመቃብር ግቢ ውስጥ ነው። ራሱ ተፈንክቶ ከግንቡ ሥር ተጋድሟል፤ አጠገቡ ከግንቡ አናት የወረደ ጥርብ ድንጋይ አለ። መርማሪዋ ስትደርስ፣ ግንቡን ባለፈው ሳምንት ያደሱት ሽማግሌ ግንበኛ ካቴና ገብቶላቸው ቆመዋል። ያስያዛቸው የቤተሰቡ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሰፈሩ «ታላቅየው» ይለዋል።

ታላቅየው የሟች አያቱን ስም ከማላመጥ በቀር ሥራ አልነበረውም። አያቱ ደግ ሰው ስለነበሩ እሱ በየስብሰባው ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ሰላምታም በአገጩ ይመልሳል። ሬሳው አጠገብ ቆሞ እንኳ የሚያራግፈው የጫማውን አቧራ ነበር።

«ልጄ፣ ይኼ ምርመራ አያሻውም» አላት። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። ሰውዬው ንቆን ሥራውን አበላሸ፤ ድንጋዩ ለቀቀና ሰው ገደለ። በቃ!»

«ቀያሹን ማን ጠራው?»

«እህቴ ናት፤ ግቢው ይታደስ ብላ። እሷ መቼ አርፋ ትቀመጣለች?»

«ግቢው መሐል ያለውን ባለጉልላት ክፍልስ ለክቶታል?»

«የአያቴን መቃብር? እኔ ሳልከፍት ማን ይገባል! ቁልፉ ይኸው አንገቴ ላይ። ከተከፈተም ዓመት አልፎታል።»

መርማሪዋ የግንበኛውን መሰላል አስደግፋ ወጣችና ከግንቡ አናት ላይ አንድ ጠርሙስ ውሃ አፈሰሰች። ውሃው ወዴት እንደሄደ አይታ ወረደች።

እህትየው ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«ጠዋት ደውሎልኝ ነበር» አለች። «'አንድ ነገር አልገጠመልኝም፣ መጥተሽ እዪው' አለኝ። ስደርስ ሞቷል።»

«ባለጉልላቱ ክፍል ገብተው ያውቃሉ?»

«እኔ? ወንድሜ ለማንም አይከፍትም። አያቴን የምዘይራቸው በቁልፍ ቀዳዳ ነው።»

የሟቹ ደብተር ተገኝቷል፤ የመጨረሻው ገጽ ግን ተቀዷል። በሩ ላይ መሬት የተቀመጡት የሟቹ እናት ይህን ሲሰሙ ቀና አሉ።

«እጁን እይልኝ፣ ልጄ። ከትምህርት ቤት ጀምሮ መዳፉ ላይ ነው የሚጽፈው። ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ!»

መርማሪዋ የተጨበጠውን ግራ እጅ ፈለቀቀች። በእስክሪብቶ «3.17 ርዝመት» ተጽፎበታል። ገጹን የቀደደ ሰው መዳፉን አላየም። የሠራተኛ እጅ ማየት ከየት ለምዶ! እሷ ግን ሜትር ይዛ በግቢው ያሉትን ዘጠኝ መቃብሮች አንድ በአንድ ለካች፤ ከሁለት ሜትር ከአሥር የዘለለ የለም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ጉልላቱ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ከድንጋዩ እንጀምር» አለች። «ይህ ግንብ አናቱ ወደ ውጭ ያዘነበለ ነው፤ የዝናብ ውሃ ሙታኑ ላይ እንዳይወርድ ተብሎ። በራሱ የለቀቀ ድንጋይ መንገድ ላይ ይወድቃል እንጂ እዚህ አይገባም። ሰው ነው ያወረደው። ግንበኛው ይህን አሳምረው ያውቃሉ፤ አደጋ ለማስመሰል ቢፈልጉ ሬሳውን ውጭ ባስተኙት ነበር። የተሳሳተው ግንቡን ወርሶ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብሎ ያላየው ሰው ነው።»

ታላቅየው ሳቀ። «ግጥም ትጽፊያለሽ እንዴ?»

«ቁልፉን ያምጡ።»

አብሯት የነበረው ፖሊስ ከታላቅየው አንገት አውልቆ ከፈተ። ዓመት ሙሉ አልተከፈተም የተባለው ክፍል ወለሉ ታጥቦ ገና አልደረቀም። መርማሪዋ መቃብሩ ላይ የተሠራውን የድንጋይ ሣጥን ለካች፤ ሦስት ሜትር ከአሥራ ሰባት። አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

«ቀያሹ እዚህ ገብቷል። ከዚህም በእግሩ አልወጣም። ያልገጠመለት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ሙስሊም በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ፊቱን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ አዙሮ ነው የሚቀበረው፤ ስለዚህ መቃብር ለቂብላ አግድም ይሆናል። ውጭ ያሉት ዘጠኙም እንደዚያው ናቸው። ይኼኛው ግን በር ላይ ቆሞ ለሚያየው እንዲያምር ቀጥ ብሎ ወደ ቂብላ ተዘርግቷል። እዚህ የተኛ ሰው ቂብላን የሚያየው በእግሩ ጣት ነው። እንዲህ አድርጎ ወገኑን የሚቀብር የለም። አባባ፣ ከሥሩ ምን አለ?»

ግንበኛው አንገታቸውን ደፉ።

«ምንም። አለት ነው፤ ክንድ እንኳ አይቆፈርም። የገነባው የኔ አያት ነው። የነሱ አያት ግን 'በላዬ እንዳትገነቡ' ብለው ተናዘዙና በሕዝቡ መቃብር፣ ከሰው መሐል ተቀበሩ። ልጆቻቸው ናቸው ለስም ብለው ይኼን ያቆሙት። የሰው ገመና ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

«አንተ ከሃዲ!» ታላቅየው አፉ አረፋ ደፈቀ። «ሰማንያ ዓመት የተከበረ ስም በአንድ ቀያሽ እርሳስ ይፋቅ? ጉልላታችንን አሳምሮ እንዲስል በገዛ እጄ ከፍቼለት! ዝም በል አልኩት፣ ለመንኩት! 'ያየሁትን ነው የምስለው' አለኝ፤ በኔ ቤት፣ እኔን!»

እህትየው ፊቷን ሸፈነች። ካቴናው ከሽማግሌው እጅ ወልቆ ወደሱ ዞረ። 

«ኧረ ይኼ የመቃብሩ ነገር ከዚህ ግቢ አይውጣ» እያለ ሄደ።

እህትየው ወደ በሩ ሄዳ ከሟቹ እናት ፊት ተንበረከከች።

«እናቴ፣ ከፈቀዱልኝ ልጅዎን እዚሁ፣ ከኛ ዘንድ እንቅበረው። ጥሩ ቦታ አለ።»

እናትየው ግንቡንም ጉልላቱንም አዩ።

«አይሆንም የኔ ልጅ» አሏት። «ልጄን ከሰው ጋር ነው የምቀብረው።»