የትሎቹ ፍራሽ

የልጅቷ እናት ወጥ ቤት ውስጥ አንድ እግሯን አንስታ ቆማለች። ነጠላ ጫማዋ ላይ አንዲት ቀይ ትል ተመቻችታ ተጋድማለች።

«ቅዳሜ እህቴ ትመጣለች» አለች እናቷ እግሯን ሳታወርድ። «እስከዚያ ሽታው ካልጠፋ የትል ሳጥንሽ ከዚህ ቤት ይወጣል።»

አክስቷ ማለት ከደረጃው ሥር ሆና ፎቅ ላይ ድስት ማረሩን የምትናገር ሴት ናት። ልጅቷ ጭንቅ ያዛት።

የትል ሳጥኑን የጀመረችው የሳይንስ መምህሯ በሰጠቻት አንድ እፍኝ ትል ነው። ትሎቹ የወጥ ቤት ጥራጊ በልተው ጥቁር አፈር ይሠራሉ፤ አፈሩ በረንዳ ላይ ላሉት አበቦች ይሆናል። እስከ ቅርብ ጊዜ ሳጥኑ ዝናብ የጠገበ መሬት ነበር የሚሸተው። ሰሞኑን ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ ውስጡ ረጠበ፣ ኮመጠጠ፣ ትሎቹም በክዳኑ ጠርዝ እየወጡ መሸሽ ጀመሩ። ጓደኞቿ ቢስቁባትም ትሎቹን ትወዳቸዋለች። በአሥራ አራት ዓመት ዕድሜዋ ራሷ ተንከባክባ ያበዛችው ነገር ቢኖር እነሱ ብቻ ናቸው።

ጓንት አጥልቃ ሳጥኑን ስትበረብር የብርቱካን ልጣጭ ተከምሮ አገኘች። ብርቱካን ሲበዛ ሳጥኑን እንደሚያኮመጥጥ የነገረችው ለታላቅ ወንድሟ ብቻ ነው። «የትል እናት» የሚል ስም ያወጣላትም እሱ ነው። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ክፍሉ ድረስ ሄዳ አፋጠጠችው።

«አንቺ ልጅ፣ አታካብጂ» አላት ከአልጋው ሳይነሳ። «እኔ ብርቱካን ስበላ ልጣጩን አልጋ ሥር ነው የምጥለው፤ ታውቂኛለሽ።»

አጎንብሳ አየች። እውነቱን ነበር።

ተመልሳ ልጣጩን ስትለቅም ነው ልብ ያለችው፤ በእጅ የተቀደደ አይደለም። ሁሉም ቀጫጭን፣ ቀጥ ያለ፣ በመቀስ የተቆረጠ ነው። በዚህ ቤት ያለው መቀስ ደግሞ አንድ ነው፤ የልብስ ሰፊዋ እናቷ መቀስ። በዚያ መቀስ ወረቀት የቆረጠ ሰው ወዮለት። ባለፈው እራት ላይ፣ ትሎች ጥርስ ስለሌላቸው ምግባቸው ደቀቅ ሲል ይወዳሉ ብላ ስታወራ እናቷ የሰማች እንኳ አትመስልም ነበር።

የተጠራቀመውን ውሃ ለማፍሰስ ሳጥኑን አነሳችው። ከሥሩ ጥጥ የገባበት፣ ጠርዙ ዙሪያውን የተቀመቀመ ጨርቅ ተነጥፏል። ውሃ መውረጃ ቀዳዳዎቹን ድፍን አድርጓቸዋል። የወጥ ቤቱ ወለል ሲሚንቶ ስለሆነ ይቀዘቅዛል። እናቷ ለትሎቹ ፍራሽ ሰፍታላቸዋለች።

ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ደግሞ ሳቀች። ትል ባየች ቁጥር ቤቱን የምታናውጠው ሴት እንዲህ ታደርጋለች ብሎ ማን ይገምታል?

ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ። ታዲያ ማን ነው?»

አፏን በላት። ብትነግረው ግን እናቷ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «የትል አያት» ተብላ ትቀራለች። ፍራሹን ከጀርባዋ ደበቀችና ይቅርታ ጠየቀችው። ውሃ መውረጃው ተደፍኖ ነው ብላ ካርቶን እንዲቀድላት አዘዘችው። ደረቁን ካርቶን ጨመሩበት፣ ቀዳዳዎቹን ጠረጉ፣ ክዳኑንም ከፍተው ተዉት። ትሎቹ ብርሃን ስለማይወዱ አንድ በአንድ ወደ ታች ገቡ። ፍራሹን አጥባ ማንም የማያይበት ቦታ አሰጣችው።

እራት ላይ ማንንም ሳታይ፣ ብርቱካን ለትሎች እንደማይስማማቸው፣ የሙዝ ልጣጭ ግን ነፍሳቸው እንደሆነ ተናገረች። እናቷ «እኔን ምን አገባኝ» ብላ ጨው እንዲያቀብሏት ጠየቀች።

ቅዳሜ አክስቷ ገና ከመግባቷ አፍንጫዋን አነሳች።

«ዝናብ ዘንቦ ነበር እንዴ?» አለች አክስቷ፣ ተቀመጠችም።

ከምሳ በኋላ እናቷ የሙዝ ልጣጭ በአንድ እጇ፣ መቀሷን በሌላው ይዛ ወደ ወጥ ቤት ሹልክ አለች። ልጅቷ ከተቀመጠችበት በበሩ ክፍተት አየቻት። እናቷ ክዳኑን ከፈተችና ቀጥ አለች። ፍራሹ ታጥቦና ደርቆ ትሎቹ ላይ እንደ ብርድ ልብስ ተደርቧል። ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰችው፣ ፈገግ አለች፣ ከዚያ የመቀሱ ድምፅ ተሰማ።

ወንድሟ ውሃ ሊጠጣ ከወንበሩ ተነሳ።

«ተቀመጥ፤ እኔ አመጣልሃለሁ» አለችው።

በሕይወቷ ውሃ አቅርባለት ስለማታውቅ አፉን ከፍቶ አያት። እሷ ግን የመቀሱ ድምፅ እስኪያበቃ ድረስ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።