ከልብ የመጣ ስህተት

«ሹክረን ሚን ከልቢ!» አለች ተማሪዋ ጮክ ብላ። ለዓረብኛ መምህርቷ «ከልቤ አመሰግናለሁ» ማለቷ ነበር። ቃሉ ከአማርኛው ጋር አንድ ስለመሰላት ቅንጣት አልተጠራጠረችም።

መምህርቷ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። «የኔ ልጅ፣ ‹ከልብ› በዓረብኛ ውሻ ነው። ‹ከውሻዬ አመሰግናለሁ› ነው ያልሽኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አፉ ስለማይዘጋ «ሬዲዮ» የሚሉት ልጅ ከኋላዋ «ው! ው!» ብሎ ጮኸ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስሟ «ባለውሻዋ» ሆኖ ቀረ።

በሚቀጥለው ሐሙስ የቃል ፈተና አለ። እያንዳንዱ ተማሪ ስለሚወደው ሰው ሁለት ደቂቃ ያወራል፤ የወደቀ ወደ ጀማሪዎች ክፍል ይመለሳል። ከትንንሾቹ ጋር እንደገና «አሊፍ፣ ባ» ማለት! እሷ ግን ክፍል ውስጥ አፏን መክፈት ተወች። ቤትም የምታጠናው በዓይኗ ብቻ ነበር፤ የገዛ ድምጿ አሳፈራት።

«ምነው ፊትሽ እንዲህ ጠቆረ?» አለቻት ታላቅ እህቷ። እቤት የሰው ልብስ ትሰፋለች።

«ዓረብኛ አስጠልቶኛል፣ እትዬ።»

«ዓረብኛው ነው ወይስ የሳቁብሽ ልጆች?»

ትንሽ አሰበች። «ሁለቱም አይደሉም መሰለኝ። አፍሬ ነው።»

«እሱማ ሌላ ነገር ነው። በይ ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢልኝ። እኔ እንደሆን አንዱንም አላውቀው፣ በምን እስቅብሻለሁ?»

ጀመረች። ሁለት መስመር ሳትጨርስ ዓይኗ ወደ ስልኳ ሸሸ። እህቷ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ቋ አደረገችው።

«አንቺ! ቀልብሽን ሰብስቢ እንጂ!»

ልጅቷ ብድግ አለች። «ምን አልሽ? ቀልብ?» ደብተሯን አገላበጠች። ልብ በዓረብኛ፦ ቀልብ። ለካ ትክክለኛው ቃል እህቷ በየቀኑ የምትቆጣበት ቃል ኖሯል! እህትማማቾቹ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች አስር ደቂቃ ጮክ ብላ ታነባለች። የስፌት መኪናው ሲንጫጫ እሷም ድምጿን ትጨምራለች። የተሳሳተችውን ቃል ሦስት ጊዜ ትደግመዋለች፤ አስር ደቂቃዋ ሲያልቅ ታቆማለች።

ሐሙስ ተራዋ ደረሰ። «ፈርቻለሁ» አለች ለራሷ፤ ፈርታም ተነሳች። ስለ እህቷ ጣቶች፣ ስለ ክሮቿ፣ ስለ ቁጣዋ አወራች። በመጨረሻም «ሹክረን ሚን ቀልቢ» አለችና ወደ ሬዲዮ ዞራ ጨመረች፦ «ለይሰ ዒንዲ ከልብ።» ውሻ የለኝም።

ክፍሉ እንደገና ተናጋ። አሁን ግን እሷም አብራ ትስቅ ነበር። መምህርቷ «ሙምታዝ! እጅግ በጣም ጥሩ!» ብለው አጨበጨቡ። በደስታ ልትበር ምንም አልቀራት።

ቀጥሎ ሬዲዮ ተነሳ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ብሎ ሦስተኛው ጥፍት አለበት። ሁሉም እሷን አዩ፤ አሁን ተራው የሷ ነበር። ምላሷ ጫፍ ላይ ጥሩ ቀልድ መጥቶላታል። ዋጠችው።

«ሰኞ የመጨረሻ ዕድል እሰጥሃለሁ» አሉት መምህርቷ።

ሬዲዮ ከክፍል ሲወጣ ጆሮው እስኪቀላ አፍሮ ነበር። «በይ፣ ሳቂብኝ» አላት።

«ነገ ደወል ሳይደወል ቀድመህ ና» አለችው። «አንተ ታነባለህ፣ እኔ እሰማለሁ።»