አራት ጣት ለዕድገት

ትርሲት ሰኞ ትምህርት ቤት ትጀምራለች። አንደኛ ክፍል ልትገባ ነው!

አባቷ ደሴ ከተማ፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን ባለች በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋል። የስፌት መኪናው «ጠረረረር! ጠቅ! ጠረረረር! ጠቅ!» ይላል።

አባዬ የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም ሁሉ ሰፍቶ ጨርሷል። የቀረችው የራሱ ልጅ ብቻ ናት። የልብስ ሰፊ ልጅ ምን ጊዜም መጨረሻ ናት!

ቅዳሜ ጠዋት ሰማያዊውን ጨርቅ አወጣ። «በይ ቀጥ በይ» አላት።

ትርሲት ቀጥ አለች። ትንፋሿን ሳይቀር ያዘች።

አባዬ ከትከሻዋ እስከ ጉልበቷ ለካትና ጨርቁ ላይ በጠመኔ አሰመረ። ከዚያ ጣቶቹን ከመስመሩ በታች አጋደመና፦

«አራት ጣት ለዕድገት!» አለ። አዲስ መስመር አሰመረና ቁልፍ ሊገዛ ወጣ።

እማዬ መጣች። ጨርቁን አየች፣ ትርሲትን አየች። «ይቺ ልጅ እኮ በአንድ ክረምት ጫማዋ ጠበባት!»

ጠመኔውን አነሳችና «አራት ጣት ለዕድገት!» ብላ መስመሩን ዝቅ አደረገችው።

ጎረቤታቸው እትዬ ዘነበች መጡ። «ልጅ እንደ ጎመን ነው የሚያድገው» አሉ። የእሳቸው ጣቶች ደግሞ ወፋፍራም ናቸው።

«አራት ጣት ለዕድገት!»

አባዬ ሲመለስ ይህን ሁሉ አላወቀም። መቀሱን አነሳና በመጨረሻው መስመር ላይ ቆረጠ። ቀርጭ! ቀርጭ! ቀርጭ!

ጠረረረር! ጠቅ! ጠረረረር! ጠቅ! ቀሚሱ ማታ ደረሰ።

ትርሲት ለበሰችው። ቀሚሱ ጉልበቷን አለፈ። ባቷን አለፈ። ጫማዋንም ሸፈነው!

አንድ እርምጃ ተራመደች። ዱብ!

«አይዞሽ፣ ታድጊበታለሽ!» አለች እማዬ። «ታድጊበታለሽ!» አሉ እትዬ ዘነበች።

እሁድ ጠዋት ትርሲት ለማደግ ቆርጣ ተነሳች። ገንፎ በላች። ድገሙኝ ብላ እንደገና በላች።

በእግሮቿ ጣቶች ቆማ እጆቿን ወደ ጣራው ዘረጋች። እግሮቿንም በደንብ ሳበቻቸው።

ከዚያ ቀሚሱን ለበሰች። አንድ እርምጃ ተራመደች። ዱብ!

ትርሲት ወደ አባዬ ሄደች። «አባዬ፣ እኔ ነገ አልሄድም። ትምህርት ቤት የምሄደው ካደግሁ በኋላ ነው።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማሽም?» አላት።

«እንቁላሉ እኮ ቀሚስ አልለበሰም!»

አባዬ ሊስቅ ነበር። ዓይኖቿ እንባ ማቅረራቸውን ሲያይ ግን ሳቁን ተወው።

ቀሚሱን አንስቶ ተመለከተው። እንዲህ ያለ ቀሚስ የሚሆነው ለሦስተኛ ክፍሏ ትርሲት ነው። የአንደኛ ክፍሏ ትርሲት ደግሞ ፊቱ ቆማ አፍንጫዋን ትጠርጋለች።

«ይቅርታ ልጄ» አለ አባዬ። «ገና ላልመጣችው ትርሲት ስሰፋ፣ እዚህ ያለችውን ረሳኋት።»

ከዚያ ቀሚሱን አልብሶ አጠገቡ አቆማት። «በይ አሁን አራት ጣት ለኪልኝ።»

«በማን ጣት?»

«በአንቺ ነዋ!»

ትርሲት ጎንበስ ብላ ትንንሽ ጣቶቿን ቀሚሱ ጫፍ ላይ አጋደመች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት! አባዬ ጨርቁን ወደ ውስጥ አጠፈው።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት! ጫማዋ ታየ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት! ባቷ ታየ።

አንዴ ደግሞ! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት! ጉልበቶቿ ብቅ አሉ።

አባዬ እጥፋቱን በእጁ፣ በቀላሉ በሚፈታ ክር ሰፋው። «ስታድጊ ትንሽ ትንሽ እያልን እንፈታዋለን» አላት። «እስከዚያ ውስጥ ሆኖ ይጠብቅሽ።»

ሰኞ ትርሲት የትምህርት ቤቱን ደረጃ በሁለት እግሯ ወጣች። በእረፍት ሰዓት ሮጠች፣ ዘለለች፣ ገመድ ተጫወተች። አንድ ጊዜም አልወደቀችም!

ወደ ማታ አባዬ ጭን ላይ ተቀምጣ ስለ አስተማሪዋ ማውራት ጀመረች። ስለ ጥቁር ሰሌዳው ስትደርስ እንቅልፍ ወሰዳት።

«ዛሬ ብቻ ትንሽ አድጋ የመጣች አልመሰለህም?» አለች እማዬ።

አባዬ ልጁን አያት። እውነትም መሰለው። ደስ አለው፤ ደግሞም ሆዱ ባባ።

ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለና «አትቸኩዪ፣ ልጄ» አላት። «አትቸኩዪ።»