የተቆረጠው ቃጫ

ፀሐይ ሰው ትገድላለች ብዬ ብነግራችሁ ታምናላችሁ?

ካሳሁንን በጠራራ፣ በስድስት ሰዓት ተኩል ገደለችው። ከቡታጅራ የመጣው ይህ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ከአገና ወጣ ብላ ባለች ጤና ጣቢያ፣ ባትሪ ክፍሉ ወለል ላይ፣ ሽቦ እንደጨበጠ ተገኘ። ግድግዳው ላይ ያለው መሣሪያ ባትሪ ባነሰው ቁጥር «ጢጥ» ይላል። በዚያ ግቢ ግን ማንም የመሣሪያ ድምፅ ነው አይልም። ዛህራ ናት ይላሉ፤ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ምጥ ላይ ሳለች መብራት ጠፍቶ፣ በጨለማ ደም ፈስሷት የሞተችው ዛህራ። ባሏ ሰማን የጤና ጣቢያው ጥበቃ ነው። ድምፁን በሰማ ቁጥር «አቤት» ይላል።

ኢንስፔክተር ኑኃሚን ከወልቂጤ ስትደርስ የሰማን እጅ በካቴና ታስሮ ነበር።

«‹ሚስቴን መብራታችሁ ገደላት› እያለ ሲዝት ከርሟል» አላት ደምሴ፣ ሶላሩንና ባትሪዎቹን ያስረከበው ነጋዴ። «ሌላ ማን አለ?»

«እርስዎ አሉ» አለችና አልፋው ወደ ሰማን ሄደች። «ምን ሲሠራ ነበር?»

«ሽቦውን ሲፈትሽ። ‹ሶላር ፀሐይ እያየ አይጠፋም፤ የተከሉት ሰዎች ማጥፊያ ሳይገጥሙለት ነው የሄዱት፤ እስክጨርስ ፓነሉን አልብስልኝ› አለኝ። የእንሰት ኮባ ቆርጬ ሸፈንኩት፤ በቃጫ አሰርኩት። ከዚያ ዙህር ልሰግድ ወደ በሩ ሄድኩ።»

«ማን አየህ?»

«አላህ። የሃያ ቀን ልጅ አለችኝ፣ እህቴ። እናቷን ቀብሬያለሁ፤ እኔም ከታሰርኩ ማን ያነሳታል?»

ኑኃሚን ወደ ጓሮ ዞረች። መሬት ላይ የተተከሉት ፓነሎች ራቁታቸውን ያንጸባርቃሉ። የእንሰቱ ቅጠል ከሽንት ቤቱ ጀርባ ተከምሯል። ቃጫውን አንስታ ጫፉን አየችው።

የነርሶቹ ኃላፊ ሲስተር ዘነበች በፍርሃት ተናገረች። «ካሳሁን ባትሪዎቹን ለክቶ በጣም ተናደደ። ‹አሮጌ ናቸው፣ አዲስ ወረቀት ለጥፈውባቸው ነው፤ ቀን የሞላውን ለማታ አያቆዩም። ነገ ስብሰባ ላይ እናገራለሁ› አለ።»

«ማን ሰማ?»

«በሩ ክፍት ነበር። እኔም፣ ሰማንም፣ አቶ ደምሴም፣ ሦስታችንም ሰምተናል።»

ኑኃሚን ሦስቱንም በረንዳው አግዳሚ ላይ ሰበሰበቻቸው። ከውስጥ «ጢጥ» አለ። ሰማን ከንፈሩን ነከሰ።

«አቶ ደምሴ፣ ሸሚዝዎን ምን ነካው?»

ደምሴ ደረቱ ላይ ያለውን ቡናማ እድፍ በእጁ ሸፈነ። «የባትሪ አሲድ ነው።»

«ካሳሁንን የገደለው ባትሪ አይደለም። ቅጠሉ ሲነሳ፣ የቀትር ፀሐይ በፓነሎቹና በሽቦው አልፋ እጁ ላይ ደረሰች። ያነሳው ማነው?»

«ነፋስ ይሆናላ!»

«ነፋስ ይበትናል እንጂ አይከምርም። ቃጫውም በስለት ተቆርጧል። ሰማን ራሱ ያሰረውን ለምን ይቆርጣል? ጫፉን ቢስበው ይፈታለታል። የቆረጠው ቋጠሮውን የማያውቅ ሰው ነው።»

«እኔም አላውቀውም» አለች ዘነበች።

«ጋውንሽ ግን ንጹሕ ነው። እኔ ከእናቴ ጋር እንሰት ስፍቅ ነው ያደግኩት። የእርጥብ ኮባ ውሃ ልብስ ከነካ ቡናማ ሆኖ ይቀራል፤ ሳሙና አያስለቅቀውም።»

«አሲድ ነው አልኩሽ እኮ፣ አንቺ ሴት!»

«አሲድ ጨርቅ ይበላል፤ ሸሚዝዎ አንድ ክር አልጎደለውም። እሺ፣ አሲድ ይሁን። የርክክብ ሰነድዎ ባትሪዎቹ አዲስና እሽግ ናቸው፣ አሲድ አያፈሱም ይላል። አሲድ ከሆነ ሰነድዎ ውሸት ነው። ካልሆነ ኮባውን ያነሱት እርስዎ ነዎት። ይምረጡ።»

ሰማንን ያሰረው ፖሊስ የደምሴን ኪስ ሲፈትሽ ሴንጢ አወጣ፤ ምላጩ ላይ የቃጫ ክር ተጣብቋል።

«ደንግጦ ሥራውን እንዲተው ብዬ ነው» አለ ደምሴ።

«በስድስት ሰዓት ፀሐይ?» አለች ኑኃሚን።

ካቴናው ከሰማን እጅ ወደ ደምሴ ዞረ። አለቀ? አላለቀም! ፓነል ሲተከል የምታጨበጭቡ፣ ፎቶ የምትነሱ፣ ይህን ያህል ኪሎዋት አመነጨን የምትሉ ሁሉ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የት ናችሁ? ማታን የሚያሻግር ባትሪ ከሌለ ያ ሁሉ መስታወት ለእናቶች ምን ይፈይዳል? አሮጌው ባትሪስ በእግሩ ሄዶ ገባ?

ሰማን የእጁን አንጓ እያሸ ተነሳ። ወደ ቤቱ ግን አልሄደም።

«የካሳሁንን ገዳይ አገኛችሁ። የዛህራስ? ባትሪዎቹን ‹አዲስ ናቸው› ብሎ ፈርሞ የተረከበው ሰውዬ ስም አለው። አገና ገበያ መሀል ይቁም። ሕዝቡ እየሰማ ይመልስልኝ፤ ምን አይቶ ፈረመ?»